የዦምቦር ሶኬት

ቦሮካ ጎንበስ ብላ ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያለውን ሁሉ እያወጣች በግቢው ድንጋይ ላይ ትደረድር ነበር። የተሰበረ ጃንጥላ፣ የባሏ የሌሄል የዝናብ ቦቲ፣ የባዶ ጠርሙስ ከረጢት፣ ካለፈው በጋ ጀምሮ የባላተን ሐይቅን አሸዋ እንደያዘ የተጠቀለለ ፎጣ። ከሰዓት በኋላ ሌሄል እሷ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄዶ ለነዋሪዎቹ ስብሰባ ታጣፊ ወንበሮች ይጭናል። እሷ መኪና መንዳት ስለማትችል ድርሻዋ ቦታ ማስለቀቅ ነው። ቅዳሜ ስለነበር ግቢው ጸጥ ብሏል። ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ራዲዮ ይሰማል፤ አንድ ሰው ሽንኩርት እየጠበሰ ነው። አሸዋው ከምንጣፉ ሥር ገብቶ እንደሆነ ለማየት የወለሉን ክዳን አነሣች። እዚያ፣ ጎድጎድ ባለው ቦታ፣ ግራጫ ቦርሳ ተኝቷል። የዚፑን ሁለት ጫፎች አንድ ላይ የያዘው የፋብሪካ ፕላስቲክ ማሰሪያ አልተቆረጠም። በጣቷ ዳሰሰችው። ውስጡ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ ነበር፤ በገመዱ ጫፍ ጡጫ የሚያህል መሰኪያ።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ደግ ሐሳብ ነበር፦ የመኪናዋን ባትሪ መሙያ ትርፍ ገመድ ነው። በሌሄል ቢሮ ጋራዥ ያለው ሶኬት የራሱ ገመድ ይኖረዋል፤ ይሄኛው ለመንገድ ተብሎ የተቀመጠ ነው። ክዳኑን መልሳ ፎጣውን አራገፈች። ከዚያ ፎጣውን እንደያዘች ወደ መኪናዋ ፊት ሄደችና ከግራው ጎማ በላይ ያለውን ትንሽ በር ጫን አደረገችው። ተከፈተ። መኪናዋ የመጣች ዕለት ሌሄል ይህንኑ በር ከፍቶ፣ “እዚህ ጋ ነው የምትጠባው” ብሏት ነበር። ውስጥ ያለው ጥቁር መክደኛ ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ አሁንም አለ። ጥጉ ላይ “ከመጠቀምዎ በፊት ይላጡ” የሚል ቀይ ቀስት። በመክደኛውና በማጠፊያው መካከል ሸረሪት አድርታለች። ቦሮካ ላስቲኩን አልነካችውም። በሩን ቀስ ብላ ገፋችው፤ ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ከሁለት ክረምት በፊት የሌሄል መሥሪያ ቤት መኪና ምረጥ ሲለው ሁለቱ ለሳምንታት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተከራክረው ነበር። እሷ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄደውን ፈለገች። ጂኦግራፊ አስተማሪ ናትና ነገሩን ለተማሪዎቿ እንደምታስረዳው ለእሱም አስረዳችው። ትልቅ ባትሪ ለመሥራት ብዙ ይቆፈራል፣ ብዙ ይቃጠላል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ገና መንገድ ሳትወጣ ዕዳ ይዛ ነው የምትወለደው። ግን በየዓመቱ ዕዳዋን ታቃልላለች፤ በተለይ ብዙው መብራት ከፓክሽ የኑክሌር ጣቢያ በሚመጣበት እንደኛ ባለ አገር። በቤንዚንም በመብራትም የምትሄደው ሃይብሪድ ስትወለድ ቀለል ትላለች፤ ኋላ ንጹሕ መሆን አለመሆኗ ግን የሚነዳት ሰው እጅ ላይ ነው። ሌሄል ይህን ሁሉ ሰምቶ በእናቷ አሸነፋት። እናቷ በሜዳው አገር፣ የባትሪ ፋብሪካ አጠገብ ነው የምትኖረው። ፋብሪካው ከቲማቲም መደቧ ባሻገር ከተሠራ ወዲህ የከባድ መኪና ድምፅ እንቅልፍ ነሥቷታል፤ ስለ ጉድጓድ ውኃውም ሰው ይንሾካሾካል። “ትንሽ ባትሪ ይበቃናል፤” አላት ሌሄል፤ “ከተማ ውስጥ በመብራት፣ ባላተን ስንወርድ በቤንዚን። ሁሉም ትልቁን ካለ ያ ፋብሪካ እስከ እናትሽ ደጃፍ ይመጣል።” የእናቷን ቲማቲም ማሰቡ ልቧን ነካው። “ግን በየቀኑ ልትሰካት ነው፤” አለችው። “በየቀኑ፤” አላት፤ እንደ ከብት ነጋዴዎች እጃቸውን ተማትተው ሳቁ።

ታርጋው አረንጓዴ ነበር። በዚህ ከተማ አረንጓዴ ታርጋ ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አያነሣም። መንግሥት ለኤሌክትሪኮቹም ለሚሰኩት ሃይብሪዶችም አንዱኑ ቀለም ሲሰጥ፣ ለነጻ መኪና ማቆሚያ ብለው የገዙ ሰዎች ሞልተዋል፤ ቡና ቤት ውስጥ እየተሳቀ ይወራል። ቦሮካም ቀልዱን ታውቀዋለች፤ ራሷም ተናግራዋለች። ቢሆንም በየማለዳው ከበረንዳው ቁልቁል ስትመለከት ያ አረንጓዴ ያሳርፋት ነበር። አብረው ሲሄዱ ሞተሩ ከተነሣ ሌሄል ምክንያት አያጣም። ብርድ ነው፣ ዳገት ነው፣ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። እሷም መስኮቱን ዝቅ አድርጋ የዳኑብን ወንዝ ታያለች።

ከዚያ ደግሞ ዦምቦር አለ። በቢሮው ጋራዥ ሁለት ሶኬት ብቻ ነው ያለው፤ ሌሄል እንደሚለው አንዱን ከሒሳብ ክፍል የሆነ ዦምቦር የሚባል ሰው ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ ይይዘዋል። ቢሞላለትም አይለቅም። አንድ ቀን የሌሄልን ገመድ ነቅሎ የራሱን ሰካ። ሌላ ቀን በባላተን ዳርቻ የጀርመን ጎብኚዎች ቦታ እንደሚይዙት ሶኬቱ ላይ ፎጣ ጥሎ ሄደ። ቦሮካ እራት ላይ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር። ለእናቷ በስልክ ታወራለች፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ታወራለች። ውሎ አድሮ የዦምቦር ሚስት መንታ ወለደች፤ ዦምቦር እንቅልፍ አጣ፤ ቦሮካም ታዝንለት ጀመር። ባለፈው ኅዳር የቀን መቁጠሪያው ላይ የዦምቦር የስም ቀን፣ ዦምቦር የሚባል ሁሉ እንኳን አደረሰህ የሚባልበት ዕለት፣ መሆኑን ስታይ የፖም ኬክ ጋግራ በሰማያዊው ቆርቆሮ አድርጋ በሌሄል እጅ ላከችለት። በስም ቀኑ ከባላጋራ ቤት ኬክ የደረሰው ሰው ቢያንስ አንድ ሳምንት ሶኬት ይለቅቃል ብላ ነበር። ማታ ቆርቆሮው ታጥቦ ከብዙ ምስጋና ጋር ተመለሰ። ቀረፋው በጣም ተወዶልሻል፣ ተባለች።

በግቢው ውስጥ ሶኬት ይተከል የሚለው ሐሳብም የመጣው ከዚያ ነው፤ ባሏ ከዦምቦር እንዲገላገል። ቀጥሎም የሚመጣው መኪና ሙሉ ኤሌክትሪክ እንዲሆን፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወጣቶችም እንዲጠቀሙበት። አንድ ዓመት ሙሉ በር አንኳኳች። ሌሄል፣ “ተይው፣ አትድከሚ፤ እኔ ቢሮ እሰካለሁ፤” ይላት ነበር፤ እሷ ለእሷ አስቦ መስሏት ይበልጥ በረታች። የቀሩት የምድር ቤቱ እትዬ ፒሮሽካ ብቻ ነበሩ፤ የታችኞቹ ሽማግሌዎች ሁሉ የእሳቸውን እጅ አይተው ነው እጃቸውን የሚያነሡት። ችግሩ፣ በጸደዩ ስብሰባ ላይ እትዬ ፒሮሽካ ተነሥተው፣ “ያቺ መኪና ጠዋት ጠዋት መስኮቴ ሥር ታስላለች፤” ብለው ነበር። ቦሮካም በሰው ሁሉ ፊት፣ ለተማሪ በምታስረዳበት ትዕግሥት፣ ባትሪዋ ሙሉ የሆነ መኪና ልትስል የምትችልበት ሳንባ እንደሌላት፣ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት እንደሚያስቸግር ነገረቻቸው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ፒሮሽካ “እጅዎን ሳምኩ” ብላ ሰላም ስትላቸው የሚመልሱት በአገጫቸው ነው።

ዕቃውን መልሳ እየጫነች ሳለ እናቷ ደወለች።

“ምነው፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም።”

“ዕቃ እያነሣሁ ነው፣ እማ።”

“ዛሬ ነው አይደል ስብሰባው? እንግዲህ ሶኬቱ ከገባ ያ ዦምቦር ብቻውን ይንገሥ። መንትዮቹስ ጥርስ አወጡ?”

ቦሮካ የወለሉን ክዳን አየችው። “አልጠየቅኩም፤” አለች።

“ጠይቂና ንገሪኝ። ለድድ የሚሆን ነገር አውቃለሁ።”

ሌሄል ከገበያ ሲመለስ ጎምዛዛ ቼሪና ዳቦ ይዞ ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ፣ የገበያውን ወሬ እያወራ፣ ፍሬውን ውኃ ውስጥ ገለበጠው። ቦሮካ የምሳውን ሾርባ በሳህን አቀረበች። ከእሱ ጋር ጠብ አልፈለገችም። አንድ በር ልትከፍትለት ነበር የፈለገችው፤ ራሱ ገብቶ ራሱ እንዲናገር። ትናንት መኪናዋን ሰክቷት እንደነበር ጠየቀችው፤ ምናልባት ሲዘገይ፣ ሲቀላ፣ ማንኪያውን ሲያስቀምጥ ታየው ይሆናል።

“ጢም አድርጌ ሞላኋት፤” አላት፤ በሌላ እጁ ጨው እየፈለገ። “እንዴት ያለ ጦርነት ነበር መሰለሽ። ዦምቦር የመንትዮቹን ጋሪ አምጥቶ ሶኬቱ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት አስሮታል። ‘ይሄ ምንድን ነው?’ ስለው ‘ቤተሰቤ ነው፣ አትነቅልም’ አለኝ።”

ቦሮካ ሳቀች። ሳቁ ሳትጠራው ነበር የመጣው፤ እንደ ሁልጊዜው ከሆዷ፤ ከመጣ በኋላ ነው የሰማችው። ሌሄል ደስ ብሎት ጨው ነሰነሰ። ውሸታም ፊቱ የተለየ ይመስላት ነበር። ይሄኛው ግን ከማንኛውም ቅዳሜ ፊቱ በምንም አይለይም፤ አገጩ ላይ ያለችው የቼሪ ነጠብጣብ እንኳ የተለመደች ናት። ናፕኪን አቀበለችው። ከምሳ በኋላ ሳህኑን ሲያነሣ፣ የስብሰባው ሐሳብ የያዛት መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

በዘጠኝ ሰዓት ወንበር ሊያመጣ ወረደ። በረንዳው ብረት ላይ ተደግፋ አዳመጠች። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንሸራታ ከግድግዳው ተላቀቀች፤ አንድ አፍታ ቦሮካ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለች። ከበሩ ቅስት ሥር ስትደርስ አሰማችው፤ ደረቅ ሳል፣ ከዚያ የሞተር ማጉረምረም፣ ከማርሚታው የወጣ ቀጭን ጭስ። የምድር ቤቱ መጋረጃ ትንሽ ተነቃነቀ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ግቢው ሞላ። ወንበሮቹ በሁለት መስመር ተደርድረዋል፤ የራሳቸውን የወጥ ቤት ዱካ ይዘው የወረዱም አሉ። አንድ ሰው በአይብ የተጋገረ ትንንሽ ቂጣ አምጥቷል፤ ወይን በጋዝ ውኃ እየተቀላቀለ ይታደላል። የሕንፃው ነዋሪዎች ተወካይ አቶ ባናቲ ስለ ጣሪያውና ስለ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው በጥድፊያ ተናገሩ። “አሁን ደግሞ ወይዘሮ ቦሮካ ስለ ሶኬቱ ይነግሩናል፤” አሉ። “ባጭሩ ይሁን፣ ኳስ አለ፤” አለ ከሦስተኛ ፎቅ አንዱ። ሌሄል ከኋላ፣ ብስክሌቶቹ አጠገብ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ነበር። ጠቀሳት። እትዬ ፒሮሽካ መስኮታቸውን ከፍተው ትራስ ላይ ክርናቸውን አስደግፈዋል፤ ለስብሰባ አይወርዱም፣ ስብሰባው ነው ወደሳቸው የሚመጣው።

ቦሮካ ያዘጋጀችውን ጀመረች፤ ያዘጋጀችው እውነት ነበርና አላፈረችበትም። የኤሌክትሪክ መኪና ስትሠራ የበለጠ እንደምታቆሽሽ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ግን ያነሰ እንደምታቆሽሽ ተናገረች። ሃይብሪድ መሐል ላይ እንዳለች፣ ሁለት ሞተር እንደተሸከመች፣ በየቀኑ ከተሰካች ከተማ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪኳ እንደምትሆን። እዚህ ጋ ቆመች። ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር “የእኛን መኪና እንደምታዩት” የሚል ነበር። ያን ብላ ብትጨርስ፣ ሶኬቱ ያልፋል። ሌሄልም ነገ ጠዋት ከእንግዲህ ዦምቦር የለም ብሎ ይስቃል፤ ምናልባት ከዚህ በኋላ እውነትም ይሰካት ይሆናል፤ ማንም አያውቅም።

“ካልተሰካች፤” አለች፤ “ካልተሰካች ሙት ባትሪ የተሸከመች የቤንዚን መኪና ናት። የእኛ መኪና አንድም ቀን ተሰክታ አታውቅም። ዛሬ ነው ያወቅኩት። ገመዱ ከፋብሪካ እንደታሰረ ነው። እትዬ ፒሮሽካ፣ የሰሙት ትክክል ነበር። በሰው ፊት ያልኩዎትን በሰው ፊት እመልሳለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

የጋዝ ውኃው ጠርሙስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሊያልፍ ተዘርግቶ ቆሞ ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ ብስክሌቶቹ ላለመዞር እየታገለ ነበር።

“እኔማ የምታውቂ መስሎኝ ነበር፤” አሉ እትዬ ፒሮሽካ ከመስኮታቸው፤ እንደተፈራው አልጮኹም። “ለባሏ ብላ ትዋሻለች አልኩኝ። ተናድጄ ነበር፣ ግን አክብሬሽ ነበር። እኔም ለባሌ ለጌዛ ስንቱን ዋሽቻለሁ።”

አቶ ባናቲ ጉሮሮአቸውን ጠርገው እጅ አውጡ አሉ። “ባለቤቶቹ ካልሰኩት እኛ ለማን ነው የምንተክለው?” አለ ባለ ኳሱ፤ የተከራከረው አልነበረም። ከወጣቶቹ ባልና ሚስት ሌላ አንድ እጅ ብቻ ተነሣ፤ የእትዬ ፒሮሽካ። “በየማለዳው እንድተኛ ነው፤” አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አቆዩት። ሶኬቱ ወደቀ። ሰዎች ዱካቸውን ይዘው ወደ ኳሱ ወጡ፤ ለቦሮካ ሰላምታ የሰጡት ለቅሶ ቤት እንደሚሰጠው ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

ቤት ሲገቡ ፀሐይ አሁንም የወጥ ቤቱን ግድግዳ ትነካ ነበር። ሌሄል በሩን ዘግቶ ቆመ።

“ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ምሳ ላይ ብትይኝ?”

“ምሳ ላይ ጠየቅኩህ።”

ተቀመጠ። ቤንዚኑን መሥሪያ ቤቱ እንደሚከፍል፣ መብራቱን ግን እንደማይከፍል፣ ቢሮ ውስጥ ሁሉም እንደዚያ እንደሚያደርግ ነገራት፤ በአንድ ወጥ ድምፅ፣ ሰው የጥርስ ሕመሙን ለሐኪም እንደሚናገር። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሶኬቶች የአለቆቹ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሊሰካ አስቦ ነበር፤ አንድ ሳምንት አለፈ፣ ከዚያ ወር።

“ዦምቦርስ?”

ሌሄል ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የቼሪ ፍሬ በጣቱ ገፋ።

“የለም። አንድ ማታ ለምን አልሰካህም ስትዪኝ ሌላ ሰው ይዞት ነበር አልኩሽ። ማነው አልሽኝ። አንድ ስም ጠራሁ። ከዚያ ስቀሽ ነበር። በጣም ነበር የሳቅሽው፣ ቦሪ። በማግስቱም ሌላ ነገር ጠበቅሽ።”

“መንትዮቹም?”

“የሉም።”

እዚህ ላይ ነበር ዓይኗ የሞላው፤ ስለ መኪናዋ ሳይሆን፣ ተወልደው ስለማያውቁ ሁለት ሕፃናት። ለእናቷ ምን ልትላት ነው? በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ደርቋል፤ ወጥታ በክንዷ ሙሉ ይዛው ገባችና አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ሸሚዞቹን ማጠፍ ጀመረች፤ ከልምድ የእሱን አስቀድማ።

“ኬኩን ማን በላው?” አለች፤ ፊቷን ሳታዞር።

“የማደያው ልጆች። ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እዚያ ነበር የምሞላው። ምስጋናው የእነሱ ነው፣ ቦሪ። እሱ እውነት ነው። ቀረፋውን ወደውታል ያልኩሽ እውነት ነው።” ይህን ሲል ፊቱ በራ፤ አንድ እውነት ነገር እጁ ውስጥ በማግኘቱ። “እንደውም አሁንም ሲያዩኝ ሚስትህ ደህና ናት ይሉኛል።”

ቦሮካ ሸሚዙን አስቀመጠች። በዚህ ሁሉ ከተማ መሐል፣ ባሏ በየሳምንቱ ቤንዚን ሲቀዳ የሚያዩት ሁለት ሴቶች ደህንነቷን ይጠይቃሉ። የቀረው አንሶላው ነበር፤ ትልቁ፣ የድርብ አልጋው። እሱን ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚያጥፉት፤ ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ወጥረው፣ አንዱ ወደ ሌላው እየተራመዱ። ሌሄል ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገብቶ እጆቹን ዘረጋ። እሷ አንሶላውን አልጋው ላይ አነጠፈችው። ወደ ራስጌው ዞራ ጠርዙን ያዘች፤ ወደ ግርጌው ሄዳ አገናኘችው፤ ዞረች፤ እንደገና አጠፈች፤ በመዳፏ አየሩን አወጣችለት። እሱ መንገድ እንዳይዘጋባት ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። አራት ማዕዘኑ በመጨረሻ እቅፍ የሚያህል ሆነ፤ አንድ ጠርዙ ተዛንፏል። አላስተካከለችውም። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ከሌሎቹ አንሶላዎች በላይ አስቀመጠችውና በሩን ዘጋችው።